የማማ ሊን የመጀመሪያ መታወቂያ

ዛሬ ባንክ በር ላይ እጄ ላይ ሳኒታይዘር ሲረጩልኝ ሽታው ክው አደረገኝ።

በኮሮና ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ፣ በአክስቴ ሱቅ እሠራ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ የተጻፈ ነገር ሁሉ ያጓጓኝ ነበር። ቻይናዊቷ ጎረቤታችን ማማ ሊን ይህን አይተው፣ ስማቸው በእጅ የተጻፈበትን የድሮ መታወቂያቸውን እንዳየው ሰጡኝ። እኔ ግን እንደዚያ ጊዜ ልማዳችን መጀመሪያ በሳኒታይዘር ወለወልኩት። ፈሳሹ ካርዱ በታሸገበት፣ ጠርዙ በተላቀቀው ላስቲክ ገብቶ ስማቸውን አሟሟው።

«ውይ ማማ! አዲስ አለዎት አይደል?»

«አዲሱማ አለ፣ ቺፕ ያለው» አሉ ካርዱን እያዩ። «ይሄ ግን አገራችን መታወቂያ ሲጀመር የተሰጠኝ ነው። ከዚያ በፊት የምገኘው በአባቴ የቤተሰብ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር። ለብቻዬ የተጻፍኩት እዚህ ላይ ነው፣ ሲሲ፣ እህቴ።»



«መታወቂያ» አለኝ ዛሬ የባንኩ ዘበኛ። እጄ እስኪደርቅ ቦርሳዬን አልከፈትኩም።