በዶሮ ቤቴ ላይ ያለው ሳር

እትዬ ኮከቤ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። ግቢያቸው ሰፊ አይደለም። ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት አለ፤ ከጀርባው አንድ የኪራይ ክፍል፣ ከፊቱ አንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ከፈረሰ አጥር የተረፈ የድንጋይ ክምር። በኪራይ ክፍሉ የምኖረው እኔ፣ የምሥራች፣ ነኝ። ስለ እሳቸው ጥቂት ልጻፍ ካልሁ ሰንብቻለሁ። ግን የእሳቸውን ነገር ባነሣሁ ቁጥር የራሴ ጥፋት አብሮ ስለሚነሣ፣ ደብተሩን እየከፈትሁ ስዘጋው ከረምሁ።

ባላቸው መሪጌታ ባስልዮስ በደብሩ አርባ ዓመት ያህል አገልግለው ያረፉ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። እትዬ ኮከቤ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ይሰጣሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የኖሩት በዚህ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሰውን ከአካሄዱ፣ የበግ ፀጉሩንም በጣታቸው ነው የሚለዩት። አንድ እፍኝ ፀጉር ቢሰጧቸው ከጠቦት ይሁን ከአሮጊት በግ የተሸለተ ዳብሰው ይናገራሉ። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ለምድ አንጥፈው፣ እግራቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ይፈትላሉ። ብዙ አይናገሩም።

እኔ ከጓሳ፣ ሽማግሌዎች ለዓመታት ዘግተው ከሚጠብቁት የደጋ ሳር መስክ፣ ሥር ካለ የገጠር መንደር ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ሲሞት ጉልበቴም አብሮ ከዳኝ፤ ውኃ መቅዳቱም ጤና ጣቢያ መድረሱም ሲያቅተኝ፣ ባለፈው ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደ ከተማ ወረድሁ። ከቤቴ ይዤ የወጣሁት አልጋዬን፣ ዕቃዬን፣ አራት ሴት ዶሮና አንድ አውራ ነው። ሴቶቹ አንዷ ገብስማ፣ አንዷ ቀይ፣ ሁለቱ ነጭ ናቸው። ቤት ስከራይ ስለ ዶሮዎቹ ትንፍሽ አላልሁም። ባነሣው እሺ የሚሉኝ አልመሰለኝም። በቅርጫት አድርጌ ነጠላ ደርቤባቸው ገባሁ፤ እትዬ ኮከቤም አላዩም።

በእኛ አገር ዶሮ የሚያድረው ከሰው ጋር ነው። ብርዱ ስለማያስወጣ በቤቱ ጥግ ቆጥ ይሠራለታል፤ ሰው ከታች፣ ዶሮ ከላይ ሆኖ ያነጋል። እኔም ሌላ አላውቅምና በክፍሉ ጥግ አንድ እንጨት ከግድግዳ ግድግዳ አጋድሜ ሰቀልኋቸው። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አውራው አዲሱን ቤት ለምዶ ጮኸ። እትዬ ኮከቤ በራፌ ላይ መጥተው ቆሙ።

«የምሥራች፣ ብቻሽን መስለሽኝ ነበር» አሉኝ።

«ዶሮዎች አሉኝ፣ እትዬ።»

«ስንት ናችሁ?»

«እነሱ አምስት ናቸው። ከእኔ ጋር ስድስት።»

«ለአንዲት ሴት አከራየሁ ብዬ ለጎረቤት አውርቼ» አሉና ዘለቁ። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ ኩሱን ረገጡ። ዝም ብለው እግራቸውን አነሡና እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ። ግድግዳው በጥሩ ጭቃ ተለስኖ በነጭ አፈር የተቀባ ነበር፤ ከቆጡ በታች ግን የሦስት ቀን ኩስ ወርዶበታል። ጣታቸው እዚያ ላይ አረፈ። የለሰኑት መሪጌታ ባስልዮስ እንደነበሩ፣ ያም የመጨረሻ ሥራቸው እንደነበረ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

አልተቆጡም። ዶሮዎቹ ከኮሶው ሥር የራሳቸው ቤት እንዲሠራላቸው፣ ለግድግዳው የድንጋይ ክምሩን፣ ለምሰሶው የድሮውን አጥር እንጨት፣ ለጣራው ደግሞ ከጓሮ የተደገፈውን አንድ ቆርቆሮ እንድወስድ ነገሩኝ። የሰው ቤት ግድግዳ እንዳይነካ አሉ። እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ካልተሠራ ግን ዶሮዎቹ ገበያ ይወጣሉ። ቃላቸው ይህ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈኝ ነፍስ ያለው ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሥራውን ራሴ ያዝሁት። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያመላለስሁ፣ ጭቃውን ከገብስ ገለባ ጋር እያቦካሁ ግድግዳውን እስከ ወገቤ አደረስሁት። በሩን ፀሐይ መውጫ በኩል፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ አወጣሁ፤ ሸለምጥማጥ እንዳይደፍራቸው ነው። ከውስጥ ሁለት የአስታ እንጨት ለቆጥ አጋደምሁ። ለዚህ ሁሉ ዶማውን የለመንሁ እትዬ ኮከቤን ነው። ባልዲውንም፣ መዶሻውንም፣ ምስማሩንም። በሄድሁ ቁጥር «ውሰጂ» ይላሉ፤ እኔ ግን በሄድሁ ቁጥር አንገቴ እያጠረ መጣ።

ቆርቆሮውን በጫንሁ በማግስቱ ውርጭ ጣለ። ጠዋት ብከፍት ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል አልቦ፣ ላቡ ረግቶ በረዶ ሆኗል። ገብስማዋ ዶሮ ከቆጡ ወርዳ አንድ ጥግ ተኮራምታለች፤ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፉ ጠቁሯል። ብብቴ ውስጥ ከትቻት እስኪረፍድ ተቀመጥሁ። በቆርቆሮ ሥር እንደማይከርሙልኝ ገባኝ።

ከጓሮ፣ ከእትዬ ኮከቤ ቤት ክፈፍ ሥር፣ ላስቲክ የለበሰ ዘጠኝ እስር የጓሳ ሳር ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ያደግሁት በጓሳ ክዳን ሥር ነውና እንዴት ሙቀት እንደሚይዝ አውቃለሁ። እያንዳንዱ እስር ወገቡ ላይ የታሰረው በሳር ገመድ ሳይሆን በነጭ የበግ ፀጉር ፈትል ነበር። ይህም ገርሞኝ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ሳሩ የማይፈለግ ትርፍ መሰለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ። ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ጤና ይስጥልኝ ብዬ ተመለስሁ። ሌላ ጊዜ ባልዲውን መለስሁላቸው። ከዚያ ሁሉ ልመና በኋላ አንድ ደግሞ ልለምን ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ጠዋት እትዬ ኮከቤ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሄዱ። እኔ ላስቲኩን ገልጬ ሦስት እስር አወጣሁ፤ ፈትሉን ፈትቼ የዶሮ ቤቱን በሳሩ ከደንሁት። ቆርቆሮውን መልሼ እንደ ድሮው ከጓሮ አስደገፍሁ። ነጩን ፈትል መጣል አሳዘነኝና ቆጡን ከምሰሶው ጋር አጥብቄ አሰርሁበት። ሲመጡ እጄን ይዘው አሳዪኝ አሉ። ግድግዳውን ዙሪያውን ዳሰሱ፣ እጃቸውን በበሩ አስገብተው ጥቂት አቆዩ።

«ይሞቃል» አሉ። «እንዲህ ያለ እጅ እንዳለሽ አላወቅሁም።»

አመሰገንሁ።

በጾሙ ወራት አብረን መፍተል ጀመርን። እኔ ቆሻሻውን ከፀጉሩ እየነቀስሁ፣ እሳቸው እየፈተሉ። በልጉ መጣል በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው የሳሩን ነገር አነሡ። የደብሩ ቤተልሔም፣ ማለትም የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ጎጆ፣ ክዳኑ አርጅቶ ያፈስ ነበር። መሪጌታ ባስልዮስ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ከዱቄቱ አጠገብ ይንጠባጠባል እያሉ ሲያዝኑ ኖረው፣ ሳያስከድኑት አረፉ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጓሳን ለአጨዳ ሲከፍቱ እትዬ ኮከቤ በበቅሎ እዚያ ወደሚኖሩት የወንድማቸው ልጆች ወጡ። የደረሳቸውን ሳር ማንንም ሳያስነኩ በራሳቸው ማጭድ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ እየዳበሱ አጨዱት። የጎጆው እንጨት እስኪታደስ ጠብቁ ስለተባሉ ነው ከጓሮ ያስቀመጡት።

«ሌላ ሳር እንዳይመስል በፈትሌ አሰርሁት» አሉኝ። «ነጭ ፈትል ያየ ሰው እጁን ይሰበስባል።»

የያዝሁት ፀጉር ከእጄ ወደቀ። ጓሳ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ እስኪከፍቱት ማንም ማጭድ አያስገባበትም፤ እንኳን ሦስት እስር አንድ እፍኝ አይገኝም። ከዶሮ ቤቱ ላይ ያለውን እንዳላወርደው ደግሞ ዶሮ ያደረበት፣ ኩስ የነካው ሳር ለቤተልሔም አይሆንም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የተናገርሁት ግን «መልካም አድርገዋል፣ እትዬ» የሚል ነው።

የፋሲካ ዕለት በጾም የተጠራቀመ እንቁላል በሰፌድ ይዤላቸው ገባሁ። ተቀብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ አፈወርቅ መጥተው የጎጆው የእንጨት ሥራ እንዳለቀ፣ ቅዳሜ ክዳኑ እንደሚጀመር ተናገሩ። እትዬ ኮከቤ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሂጂና ሳሩን ቁጠሪልኝ» አሉ። ሄድሁ። ስድስት ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት። ተመልሼ «አለ» አልሁ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ቄሰ ገበዙ አጠገባቸው ቆመው ነበር። በዋሸሁበት ከንፈር የእርሳቸውን መስቀል ተሳለምሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። እትዬ ኮከቤ ደጃፋቸው ላይ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጠናል። ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ሰው ከሰው አይሰማማም። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ኮሶው አዘንብለው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ሦስቱን እስር ማን እንደወሰደው፣ የት እንዳለ፣ ፈትሉ ምን ላይ እንደታሰረ፣ «ሁሉም አለ» ያልሁትም ውሸት እንደሆነ ነገርኋቸው። ዶሮዎቹን ሸጬ፣ ክፍሉንም ለቅቄ እንደምሄድ ጨመርሁ።

«አውቃለሁ» አሉ።

እንዝርታቸውን አስቀመጡና ቀጠሉ።

«ከመጀመሪያው የመጋቢት ዝናብ ጀምሮ አውቃለሁ። ሲዘንብ የእኔ ጣራ ይጮኻል፣ የጎረቤት ጣራ ይጮኻል። ያንቺ ዶሮ ቤት ዝም አለ። ቆርቆሮ ዝም አይልም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ፣ እትዬ?»

«የወሰድሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉና እንዝርታቸውን አነሡ። «ቁጠሪ ብዬ ስልክሽ ቁጥሩ ጠፍቶኝ መሰለሽ? የመጋቢቱ ቀን ስነግርሽ ወሬ አምሮኝ መሰለሽ?»

አለቀስሁ። እሳቸው ፈትላቸውን ቀጠሉ። ቆይተው ዶሮዎቹ ምን አጠፉ ብለው ጠየቁኝ፤ መልስም አልጠበቁም። እንዳይሸጡ፣ እኔም የትም እንዳልሄድ ተናገሩ።

«ለእኔ የነገርሽኝን ቅዳሜ ለቄሰ ገበዙ ትነግሪያለሽ። እኔ አልነግርልሽም። ቆርቆሮውንም ተሸክመሽ ትመጫለሽ።»

ቅዳሜ ስድስቱ እስር በአህያ ሄደ። እኔ ቆርቆሮውን በነጠላ ጠቅልዬ በጀርባዬ አዘልሁት፤ በረገጥሁ ቁጥር ግን ይንኳኳል። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እትዬ ኮከቤ በትራቸውን ይዘው ከፊቴ ይሄዳሉ፤ አንድ ጊዜም ቁሚ አላሉኝም። ቅጥር ግቢው ውስጥ ስምንት ያህል ወንዶች በቤተልሔሙ ዙሪያ ነበሩ። ለቄሰ ገበዙ ብቻቸውን በሹክሹክታ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከመሰላሉ ላይ ሆነው «ዘጠኝ አልነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ። ስለዚህ ጮክ ብዬ፣ ወደ ላይ እያየሁ፣ ሁሉም እየሰሙ ተናገርሁ።

አባይነህ የሚባለው አናጢ፣ «እኛ ስድስት ወር ለፍተን፣ የየምሥራች አውራ ዶሮ ቀድሞን ገባበት በሉኛ» አለ። ሳቁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ቄሰ ገበዙ አልሳቁም። ለንስሓ አባቴ እንድነግር አዘዙኝና ቆርቆሮውን ተቀብለው ለአባይነህ አቀበሉት።

ሳሩ በሰሜን በኩል ያለችውን ጠርዝ ሳይደርስ አለቀ። እዚያ ላይ ቆርቆሮው ተመታ። ቤተልሔሙ አሁን አያፈስም፤ ግን ከክዳኑ ጫፍ አንድ ግራጫ ቁራጭ ብልጭ ይላል፣ በቅጥሩ በር የሚገባ ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ በዚያ በር ስገባ መሬት መሬት ነው የማየው። በቅዳሴ መካከል ዝናብ ከመጣ ደግሞ ያቺ ቁራጭ ብቻዋን ታንኳኳለች። አንድ ጊዜ እትዬ ኮከቤ ክንዴን ነካ አድርገው፣ «ስትጠራሽ ሰማሽ?» አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን እየገሠጹ ፊታቸውን ደፍሬ ስላላየሁ አላወቅሁም።

በዚያው ሰሞን ሦስት ነጭ ፈትል ፈትለው፣ ድርብ አድርገው አክርረው እጄ ላይ አስቀመጡ። ጓሳ ሲከፈት ወጥቼ ሦስት እስር እንዳጭድ ነው። በበቅሎም ሆነ በሰው ጀርባ ልውጣ፣ የማጭደው በራሴ እጅ ነው። ጉልበቴ እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ አላውቅም። ፈትሎቹ በራፌ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ጠዋት ዶሮዎቹን ልፈታ ስወጣ መጀመሪያ የማያቸው እነሱን ነው። ገብስማዋ ደኅና ናት፣ ትጥላለች። እኔም በገበያ ቀን ከጓሳ በኩል የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ስለ መክፈቻው ምን እንዳሉ እጠይቃለሁ።