አባቴ የዝንጀሮውን ትምህርት የሰማ ዕለት

አባቴ በመካነ ሰላም የታወቀ መሪጌታ ነበር። እግዜር ዓለምን እሑድ ጀምሮ ዓርብ እንደጨረሰ ሲተርክ፣ አጠገቡ ቆሞ ያየ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ምላሴ የማያርፍ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አብዮቱ ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት፣ ረሃቡ በጠናበት ሰሞን፣ አጎቴ ከከላላ በበቅሎ መጥቶ አብረን እራት ስንበላ አስተማሪያችን የነገረንን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ምድር በስድስት ቀን እንዳልተሠራች፣ ሰውም ዝንጀሮ ከሚመስል ፍጡር እንደመጣ።

አጎቴ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ።

"ዝናቡ የቀረው በምን ይመስልዎታል መሪጌታ? በዚህ ክህደት ነው። ነገውኑ ያስወጧትና ለባል ትሰጥ። እኔ ዘንድ የጠየቀ ሰው አለ።"

እናቴ አቀረቀረች። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከመፍራቴ ይልቅ ተናድጄ ነበር። አባቴ "ዝንጀሮ አዝመራችንን መብላቱ አንሶ ዘመድ ሊሆነን ነው?" አለ።

በማግስቱ ጥምጥሙን አሳምሮ ትምህርት ቤት ይዞኝ ሄደ። ሊያስወጣኝ ነው ብዬ መንገዱን ሁሉ አላናገርኩትም። አስተማሪው ገና ጢሙ ያልበቀለ ወጣት ነው፤ አባቴን ሲያይ ደነገጠ። አባቴ ግን ክፍሉን ይቃኝ ነበር። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

"እነዚህንም ወላጆቻቸው በዝንጀሮው ምክንያት አስወጧቸው?"

"የለም መሪጌታ። የገበሬ ልጆች ናቸው። የሚበሉት ቢያጡ ቀሩ።"

አባቴ ከእኔ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ተቀመጠ። የጓደኛዬ ቦታ ነበር። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለው ወደ ጎን ዞሮ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። አንዴ ብቻ ጠየቀ።

"ሕይወት ከውኃ ጀመረ ነው የምትለው?"

"አዎ መሪጌታ።"

"በእኛም ሐሙስ ዕለት ነፍስ ያለው ፍጥረት ከውኃ ወጥቷል። በዘመኑ ቁጥር ግን አንስማማም።"

ቤት ስንመለስ አጎቴ ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር።

"አንተ እንዳልከው ልጅቱን ስንድር ድግስ ብንደግስ" አለው አባቴ፣ "ለእስላሙ ጎረቤታችን ማን ያርድለታል?"

"ራሱ እስላሙ ነዋ።"

"ድስቱስ?"

"ለብቻው።"

"ዳሱስ?"

ድስቱ ሁለት፣ ዳሱ አንድ መሆኑን በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል።

"ሥጋችን ተለየ ብለን ማንንም ከዳስ አስወጥተን አናውቅም" አለ አባቴ። "የእሷና የእኔም ነገር ይኸው ነው።"

"የሷ ትምህርትና የርስዎ ይስማማሉ እያሉኝ ነው?"

"አይስማሙም። ግን ባዶውን ወንበር አይቼ መጣሁ። ረሃብ ያስወጣቸው ሳያንሱ እኔ በገዛ እጄ አንዷን ልጨምር?" ወደኔ ዞረ። "አብሽሪ ልጄ። ነገ ትሄጃለሽ።"

ያን ጊዜ ነው የምር ያለቀስኩት። የተቆጣሁትን ሁሉ ረስቼ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር "ዛሬስ አስተማሪው ምን አላችሁ?" ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ እንጨቃጨቃለን። አጎቴም ውሎ አድሮ ቁጣው በረደለት።

አባቴ ወደ ተቀመጠበት ቦታ ግን ጓደኛዬ ሳትመለስ ዓመቱ አለቀ።