ሻሹ ሲደርቅ

እትዬ ሊን ጠዋት ሲነሡ ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት አንድ ጥቁር ሻሽ ሳህን ውስጥ ይነክራሉ። ጨመቅ አድርገው ያወጡትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግራ ጉልበታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ሲጠመጥሙ ጥርሳቸውን ነከስ ያደርጋሉ። ከዚያ ሻያቸውን እየጠጡ ይቆያሉ። ሻሹ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በተሰበሰበ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጣታቸውን በሻሹና በጉልበታቸው መካከል ለማስገባት ይሞክራሉ። ካልገባላቸው ፈትተው መስኮቱ ላይ ያሰጡታል። ከገባ ግን እንደገና ነክረው ይጀምራሉ።

የምኖረው ከእሳቸው በላይ ባለው ክፍል ነው፤ ያው ማ ቴ በሚባለው ሰፈር፣ ደረጃው ቀንም በማይበራበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ። በራቸውን ለንፋስ ብለው ገርበብ ስለሚያደርጉት ስወርድ አያቸዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ሊን፣ ሙሉ ስማቸው ሞክ ዩትሊን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኦፔራ ተዋናዮችን ራስ ሲያስሩ ኖረዋል። ሻሹ የተዋናይዋን ቅንድብና የዓይኖቿን ጫፍ ወደ ላይ ስቦ ይይዛል። በላዩ ላይ የሐሰት ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ በላይ ዘውዱ ይተከላል። ሻሹ ከላላ ዘውዱ ይወድቃል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ተዋናይዋን ያስመልሳታል፣ ዓይኗ ይጨልማል። ሻሽ የሚታሰረው እንግዲህ ለታሰረበት ሰዓት ሳይሆን ደርቆ ለሚጠብቅበት ሰዓት ነው። የሙቀቱን፣ የላቡን፣ የጭውውቱን ርዝመት ገምቶ ማሰር ያስፈልጋል።

ልጅ ሳሉ ሥራቸው የፕላስቲክ አበባ ቅጠል መሰካት ነበር፤ ሳን ፖ ኮንግ በሚባል ሰፈር ባለ ፋብሪካ። አክስታቸው ደግሞ የአንድ ኦፔራ ቡድን ልብስ ጠባቂ ነበሩ። ጥልፍ ልብስ ስለማይታጠብ አረቄ እየረጩ ያናፍሱታል። አንድ ከሰዓት ራስ አሳሪዋ ከዋና ተዋናይዋ ጋር ስትደክም ከልዕልቲቱ ኋላ ማራገቢያ ይዛ የምትቆመውን ገረድ የሚያስር ሰው ጠፋ። አክስታቸው ዩትሊንን ገፋ አደረጓት። ገረዷን የምትጫወተው ኪዩ ሹትፒንግ ነበረች፤ ያኔ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም።

ዩትሊን አሰረቻት። ሹትፒንግ መድረኩ ከተሠራበት የቀርከሃ ዳስ ጀርባ ሄዳ አስመለሰችና አፏን እየጠረገች ተመለሰች።

«የፋብሪካ ልጅ ነሽ አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንደ ዕቃ ነው ያሰርሽኝ።»

«ልፍታልሽ?»

«ተይው። ዓይኔን በመስታወት አየሁት። ነገም አንቺ ነሽ የምታስሪኝ።»

ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። ሹትፒንግ ከገረድነት ወጥታ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛም ዋና ተዋናይ ሆነች። በመርከብም ሆነ በጭነት መኪና፣ ደሴት ለደሴት የአማልክት በዓል በተከበረበት ሁሉ አብረው ዞሩ። አንድ ዓሣ ነጋዴ እትዬ ሊንን ሊያገባ ጠይቋቸው ነበር። «በበዓል ወራት ማን ያስራታል?» አሉት። ሰውየው ጥያቄው ስላልገባው ሌላ አገባ። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም።

ዓመታት ሄዱ። ሹትፒንግ ከስልሳ ካለፈች በኋላም የአሥራ ስድስት ዓመት ልዕልት ሆና ትጫወት ነበር። ድምፅዋ አልተነካም። ፊቷን ግን ሻሹ ነበር የሚሸከመው። እትዬ ሊንን አሊን እያለች ትጠራቸው ነበር።

«ጠበቅ አድርጊው፣ አሊን። ጉንጬ ወረደ።»

«ጉንጭሽ ብቻ ነው የወረደው?»

«ሌላውን ልብሱ ይሸፍነዋል። ሳቢ።»

«ከዚህ በላይ ከሳብኩት ጆሮዎችሽ ከኋላ ተገናኝተው ይጨባበጣሉ።»

«ይጨባበጡ። ይኸው ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነው አይተዋወቁም።»

አንድ ክረምት ሹትፒንግ ልምምድ ላይ ወደቀች። ወደ ሐኪም የሄዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ስለ ኦፔራ የሚያውቀው አያቱ ቤት ከሚሰማው ሬዲዮ ነው። ራሷ ውስጥ ያለ አንድ የደም ሥር ሳስቷል አለ። «ጠባብ ኮፍያ እንኳ እንዳያደርጉ» አላት።

ሲወጡ ሹትፒንግ መንገድ ላይ ትኩስ የተቆላ ኦቾሎኒ ገዝታ ግማሹን ለእትዬ ሊን ሰጠች።

«ለጋሼ ፋት እንዳትነግሪያቸው» አለች። ጋሼ ፋት የቡድኑ ባለቤት ናቸው።

«ትሞቻለሽ እኮ።»

«እሞታለሁ። አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ግን አይደለም። ዘውዴን እንዳደረግሁ ልሙት።»

«እኔስ? እኔ ነኝ የማስርሽ።»

ሹትፒንግ የኦቾሎኒውን ልጣጭ እጇ ላይ መሰብሰብ ጀመረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ሊን አንዳንዴ ላላ አድርገው ለማሰር ሞከሩ። ሹትፒንግ ራሷን ነቅነቅ ታደርግና ሳትናገር መልሳ ታስፈታቸዋለች። በየትዕይንቱ መሐል እትዬ ሊን መጋረጃው ጥግ ቆመው የዘፈኑን ግጥም ትተው እግሯን ያዩ ነበር፤ ትንገዳገድ እንደሆነ።

የባሕር እመቤት የምትባለው አምላክ፣ የቲን ሀው፣ ልደት ደረሰ። ቡድኑ ለበዓሉ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ተሻገረ። የመጨረሻው ቀን የከሰዓት ጭውውት ነበር። የዳሱ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ሹትፒንግ ፊቷን ቀብታ ስትጨርስ የግንባሯ ሥር ከቀለሙ በታች ተወጥሮ እትዬ ሊን አዩት።

«ዛሬ አላስርሽም» አሏት።

«እሺ። ጋሼ ፋት ያቺን ከስልክ ላይ አይታ የተማረችውን ልጅ ይልኩልኛል።»

«ትገድልሻለች።»

«አንቺም ትገድይኛለሽ። የማውቀው እጅ ይግደለኝ እንጂ።»

እትዬ ሊን ሻሹን ነከሩት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ጨመቁት፤ ፎጣውን ቀይረው ደግመው ጨመቁት። ውሃ የሌለው ሻሽ እጅ ላይ ጠባብ ይመስላል፤ በኋላ ግን አይሰበሰብም። እንዲያውም ላብ ሲያገኘው ላላ እያለ ይሄዳል። ባላቸው ኃይል ስበው አሰሯት። የሹትፒንግ ዓይኖች ወደ ላይ ወጡ፤ ልጅ መሰለች።

«ተባረኪ» አለቻቸው።

ዘውዱ እንዳይወድቅ መርፌ ጨመሩበት። ያኔ ዘውዱንም እሷንም የሚያድኑ መስሏቸው ነበር። ግን መርፌው የሚይዘው የሐሰት ፀጉሩን ነው፣ ፀጉሩ ደግሞ የተቀመጠው ሻሹ ላይ ነው። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፍርሃት ግን አስረሳቸው።

በሦስተኛው ትዕይንት ልዕልቲቱ ተንበርክካ አባቷን ትሰናበታለች። ሹትፒንግ ግንባሯን ዝቅ ስታደርግ ዘውዱ ተንሸራተተ። ፀጉሩን፣ መርፌዎቹን፣ ሻሹን ሁሉ ይዞ መድረኩ ላይ ወደቀ። የተሳበው ፊቷ ባንዴ ወረደ። ከሥሩ የሳሳ ሽበት ታየ። ፊት የተቀመጡ የደሴቷ አሮጊቶች አቀረቀሩ። አንድ ሕፃን ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው። ከኋላ ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ።

ከበሮ መቺው ጊዜ ሊሰጣት ያንኑ ምት ደጋገመ። ሹትፒንግ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። የቀራትን ስንኝ ራሷን ሳትሸፍን እስከ መጨረሻው ዘፈነች፤ አንድም ቃል አልተሰበረባትም። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

እትዬ ሊን ዘውዱን ይዘው ወደ መስታወቷ ሄዱ። ሹትፒንግ ከተተበተበው ፀጉር ውስጥ ሻሹን መዝዛ አወጣች። በመዳፏ ጨመቀችው፤ የተጣጠፈውን ገልጣ መሐሉን ጉንጯ ላይ አስጠጋችው።

«አልነከርሽውም» አለች።

እትዬ ሊን መርፌዎቹን ከሐሰት ፀጉሩ መንቀል ጀመሩ።

ጋሼ ፋት እየሮጡ ገቡ። የደሴቷ ሽማግሌዎች ተቆጥተዋል፤ በእመቤቲቱ ልደት፣ በፊቷ፣ ዘውድ ወደቀ፤ ዓሣ ቢጠፋብንስ ይላሉ።

«እትዬ ሹት፣ ምን ሆነ? ምን ልበላቸው?»

ሹትፒንግ መስታወቱን እያየች ነበር።

«የአሊን እጅ አርጅቷል» አለች። «ሌላ ምንም የለም።»

ጋሼ ፋት ዞር ብለው የእትዬ ሊንን እጆች አዩ። አልተቆጡም። «በቃ እረፊ፣ እትዬ ሊን» ብለው ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው።

ሹትፒንግ ይህን ያለችው ልትሸፍናቸው ይሁን ልትቀጣቸው እትዬ ሊን እስከ ዛሬ አያውቁም። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ባሕሩን ተሻገረ። እጁ ያረጀ ራስ አሳሪ የሚጠራ ቡድን የለም። ሹትፒንግም ከዚያ ቀን በኋላ መድረክ አልወጣችም። አሁን ኮረብታ ላይ ባለ የአረጋውያን ቤት ትኖራለች። ጤነኛ ናት። ሐኪሙ ባያት ቁጥር ደስ ይለዋል፤ ምክሩን የሰማች በሽተኛ ናት።

እትዬ ሊን እሑድ እሑድ የሎተስ ሥር ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ፔርሙዙን ይዤላቸው አብሬ ሄድኩ። ተንከባካቢዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችን።

«ተኝተዋል፣ እትዬ ሊን።»

«ማን አለሽ?»

«ራሳቸው ናቸው ያሉኝ። ‹ተኝቻለሁ በያት› አሉኝ።»

«ደህና። ስትነቃ ትኩሱን ትጠጣ።»

ተንከባካቢዋ በፊተኛው እሑድ የተዉትን ፔርሙዝ አጥባ መለሰችላቸው። ሾርባውን ማን እንደጠጣው አልጠየቁም። በሩ በደንብ ስላልተዘጋ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ታየችን። ፀጉሯ እዚያ እንዳሉት ሁሉ አጭር ተቆርጧል። ሬዲዮው የኦፔራ ዘፈን ሲጀምር እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረችና እትዬ ሊንን አየቻቸው።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልጠይቅሽ።»

«ይኸው ጠየቅሽ። እዚህ ቀኑ አያልቅም፣ አሊን።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ተንከባካቢዋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ጻፊው አሉኝ። የደረቀውን ሻሽም፣ ፎጣውንም፤ እሷ እንደሆነ ታውቃለች፣ ጋሼ ፋትም ይወቁት። መንገዱ ቁልቁል ሲዞር የፊቱን ብረት ያዙ፤ ወደ እኔ አላዩም። አንድ ነገር ግን ሳትጽፊ ተይልኝ፣ ልጄ፣ አሉኝ።

«ያ ቀን ቢመለስልኝ ሻሹን ውሃ እንደጠገበ አስርላት ነበር። እስኪደርቅም አጠገቧ እቆም ነበር።»