የቀኝና የግራ ጨው

ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ ወረንጦ ባነሳሁ ቁጥር ጫፉን የእጄ ጀርባ ላይ አሳርፌ እሞክረዋለሁ። ሴቶቹ ለቅንድባቸው የምጠነቀቅላቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያ የብረት ቅዝቃዜ ቆዳዬን ሲነካው እዚህ ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ሽቶና ቅባት መሀል መቆሜን እረሳና አዲስ ኖራ የሚሸት ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመቴ ይመለሳል።

ሐርጌሳ ያን ጊዜ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና መነሳቷ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ይሰማል፤ ቆርቆሮ ይመታል፣ ድንጋይ ይጠረባል። የትምህርት ቤታችን ግማሹ ጣሪያ ነበረው፣ ግማሹ አልነበረውም። ጣሪያ ካላቸው ክፍሎች አንዷ ቤተ ሙከራ ተባለች። የኬሚስትሪ መምህራችን ከውጭ አገር ተመልሶ የመጣ ሰው ነበር፤ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ጠርሙስ ይበዛል እያልን እናማው ነበር።

እኛ ከሐረር የመጣን ነን። አባቴ በበርበራ ወደብና በወጃሌ ድንበር መካከል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የአከራያችን ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ናት። በስደት ዘመናቸው ጅጅጋ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ስላደገች አማርኛውን ከእኔ እኩል ታቀላጥፈዋለች። "አባዮ" ነበር የምትለኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። እኔም እህት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

መምህሩ ከክፍሉ ሁለታችንን መርጦ ሥራ ሰጠን። በቅርቡ በሚከፈተው ኮሌጅ ረዳቱ ሆና በነፃ የምትማር ልጅ እንደሚወስድ፣ የሚወስደውም አንዲት ብቻ እንደሆነ ነገረን። ለእሷ ባይሳካ አባቷ ያስተምራታል። ለእኔ ካልተሳካ ግን ድሬዳዋ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ልሸጥ እንደምሄድ አባቴ ቆርጦ ነበር። ይህን ሁሉ እሷ ታውቃለች፤ ስንት ጊዜ አልቅሼባታለሁ።

መምህሩ ያመጣውን አንድ ጨው በውሃ አሟሙቶ በሰፊ ሳህን መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። "በርበራ ብንሆን ሙቀቱ ያበላሽብን ነበር፤ የሐርጌሳ የታኅሣሥ ብርድ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው" ይል ነበር። ውሃው ቀስ እያለ ሲተን ብርጭቆ የመሰሉ ፍሬዎች ቀሩ። ሲያዩአቸው ሁሉም አንድ ናቸው። በማጉያ መነጽር ሲጠጉ ግን የአንዳንዱ ጥግ በቀኝ በኩል ተቆርጧል፣ የአንዳንዱ በግራ።

"ሞለኪውላቸው ነው እንዲህ ያደረጋቸው" አለን። "አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነው። እንደ ጫማ ነው። የቀኙን በግራ እግርሽ ታደርጊዋለሽ?"

የቀኙ ጨው ለብቻው ሲሟሟ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ የግራው ወደ ግራ። እኩል ከተደባለቁ አንዱ የሌላውን ይሽራል፤ ብርሃኑ ንቅንቅ አይልም። የእኛ ሥራ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ለቅሞ፣ የቀኞቹን በቀኝ፣ የግራዎቹን በግራ በኩል ባለው ሳህን ማኖር ነበር።

እኔ ደግሞ ስፈጠር ግራኝ ነኝ። እናቴ "በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው" እያለች፣ የቁርኣን አስተማሪዬም በአርጩሜው፣ በቀኝ አስለመዱኝ። የምበላውም የምጽፈውም በቀኜ ነው። ወረንጦ ስይዝበት ግን ይንቀጠቀጣል። ግራዬ ከሩዝ ውስጥ ነቀዝ ይለቅማል። ይህን ለእሷ ብቻ ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀችና "ወላሂ፣ ለማንም አልናገር" አለችኝ። ሰው ሲመጣ ለምልክት ሳል ትላለች፤ እኔ ወረንጦውን ወደ ቀኜ አዛውራለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ግራ እጄ ሳይሰደብ የዋለው ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ፍሬዎቹን ግማሽ እንዳደረስን አባቴ በንዳድ ተይዞ ከበርበራ ተመለሰ። እሱን ለማስታመም ቤት ቀረሁ። "አይዞሽ አባዮ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ" አለችኝ። እኔ ሞኟ ዱዓ አደረግሁላት።

የተመለስኩ ቀን መምህሩ የሁለቱን ሳህን ፍሬ በሁለት ረጃጅም ብልቃጥ አሟሙቶ ጠበቀን። በአምፖልና በፀሐይ መነጽር መስታወት እሱ ራሱ የሠራት፣ ብርሃኑ ወዴት እንደዞረ የምታሳይ ሳጥን ነበረችው። አንዱን ብልቃጥ ከቶ ተመለከተ፤ መስታወቱን አዞረ፤ ደግሞ ተመለከተ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። በማግስቱ ቤተ ሙከራውን የሚመርቁ እንግዶች ይመጣሉ።

"ተደባልቋል" አለ ቀና ብሎ። "ማናችሁ ናችሁ?"

ዓይኔ ወንበሩ ላይ አረፈ። እኔ ስሄድ ከጠረጴዛው ወዲህ ነበር። አሁን ወዲያ ማዶ፣ ፀሐይ በሚሞቅበት በመስኮቱ በኩል ቆሟል። ለካ እኔ በሌለሁበት ትይዩ ተቀምጣ፣ ሳህኖቹን ሳታዞር፣ በራሷ ቀኝና ግራ ስትለቅም ከርማለች። የእሷ ቀኝ የእኔ ግራ ነው። ማንም ሊሠራው የሚችል ስህተት ነው፤ "ዞሬ ተቀምጬ ነበር" ቢባል የሚያልቅ። እሷም ወንበሩን አየችው፤ እንደገባት ከፊቷ አወቅሁ። ራሷ ትናገር ብዬ ጠበቅሁ።

"መምህር" አለች በሶማልኛ፣ ወለሉን እያየች፣ "እሷ እኮ ተደብቃ በግራ እጇ ነው የምትለቅመው።"

አልዋሸችም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ብትዋሽ ውሸታም ብዬ እበረታ ነበር። መምህሩም አልተቆጣ። "በልጅነት እጃቸው የተቀየረባቸው ሰዎች አንዳንዴ ግራና ቀኙ ይምታታባቸዋል፤ አንቺ ምን ታደርጊ" አለኝ፣ በሐዘኔታ። ስለ ወንበሩ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን የምንኖረው በአባቷ ግቢ ነው፣ አባቴ አልጋ ላይ ነው፣ የሟሟ ጨው ደግሞ ማን የት እንዳኖረው አይመሰክርም። ረዳትነቱ የእሷ ሆነ።

ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ አበው። ዛሬ እሷ መድኃኒት ቤት አላት፤ ድሬዳዋ ስንት ዓመት ቆይቼ ተመልሼ ሱቅ የከፈትኩት ከእሷ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ስንገናኝ ጉንጬን ትስማለች። እኔም እስማታለሁ፤ ግን በልቤ አንድም ቀን ይቅር ብያት አላውቅም።

ያኔ፣ እንግዶቹ መጥተው በሄዱበት ዕለት ማታ፣ እናቴ ራት ስታቀርብ እሷ መጣች። ከእኛ ጋር መብላት ልማዷ ነበር። ሳትገባ በእጇ ጠቅሳ ወደ ግቢው አወጣችኝ።

"መምህሩ ሁለቱንም ብልቃጥ አንድ ላይ መልሶ እያደረቀው ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ፍሬው እንደገና ይወጣል አለ። የምለየው እኔ ነኝ። ነይና ልቀሚልኝ፣ አባዮ።"

"ለምን እኔ?"

"እንደገና ቢደባለቅብኝስ? አንቺ እኮ አንዷንም ስተሽ አታውቂም።"

ያችን ቃል መምህሩ ፊት ብትላት ሕይወቴ ሌላ ነበር። ሰው በሌለበት ግቢ፣ ሥራ ለማሠራት ሰጠችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የኔ ደረቅ ነበር።

"አልችልም" አልኳት።

ወደ አባቷ ትልቅ ቤት ሄደች። እኔ ብቻዬን ገባሁ።

"ልጅቷስ? ምነው ሳትበላ?" አለች እናቴ።

"ጠግባለች።"

"ኧረ ትመለሳለች" ብላ ድርሻዋን በሳህን ከድና አስቀመጠችላት። እኔም፣ ያን ያህል በድላኝ እንኳን፣ ኮቴዋን እሰማ ይሆናል ብዬ ሳዳምጥ አመሸሁ።