ጉብታው ላይ ያለችው ትንሽ መቃብር

ከመንደራችን በላይ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ አለ። ድሮ የንጉሥ ከተማ ነበር ይባላል። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች የዚያን የጥንት ንጉሥ መቃብር እንፈልጋለን ብለው ቦታውን በክር እየከፋፈሉ መቆፈር ጀመሩ። ልጄም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ስለነበር አፈሩን በወንፊት እንድትነፋ ተቀጠረች።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ስለ ንጉሡ የማውቀው የለም። ስለ ጉብታው ግን እነሱ የማያውቁትን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ከዚህች ልጄ በፊት የወለድኳት ሴት ልጅ እዚያ ተቀብራለች። የሞተችው ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አልተቀበረችም። ባለቤቴ በነጠላዬ ጠቅልሎ ወሰዳት። እኔ አራስ ስለነበርኩ አልሄድኩም፤ ቦታውን በኋላ ከሩቅ አሳየኝ። ለልጄ አልነገርናትም። መጀመሪያ ሕፃን ናት አልን፤ ካደገች በኋላ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ጠፋን።

ቁፋሮው የተጀመረው በወዲያኛው በኩል ነበር። ቢሆንም ማታ ማታ መጠየቄን አልተውኩም።

«ዛሬስ የት ደረሳችሁ?»

«እማዬ፣ አንቺስ ከአለቃችን ባስሽ!»

«ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ» ይላል ባለቤቴ። «ንጉሡ ከነቃ የስንት ዘመን ግብር ይጠይቀኛል።»

አንድ ቀን ልጄ እየሮጠች ገባች።

«መቃብር አገኘን! ትንሽ ናት፣ ግን በተጠረበ ድንጋይ ነው የተከደነች። የንጉሡ ልጅ ሳትሆን አትቀርም ብሏል አለቃችን። ሁለቱን ድንጋይ አንሥተናል። ነገ የምከፍታት እኔ ነኝ፤ እጅሽ ቀላል ነው አለኝ።»

ባለቤቴ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠና ተነሣ። ተከትዬው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«ድንጋዩን ከየት አመጣኸው?»

«ከፍርስራሹ ነዋ። ጅብ እንዳያወጣት ብዬ ከባድ ከባዱን መረጥኩ።»

«የተጠረበ ነው እኮ ልጅቷ የምትለው!»

«የንጉሥ ይሁን የማን መች አየሁ? ክብደቱን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው ሄደህ ንገራቸው።»

«ቅርስ አፈረስክ ብለው ቢያስሩኝስ?»

ይህም አስፈራኝ። እኔ ሁሉም ነገር የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ። ግን ልጄ የንጉሥ ልጅ ናት ብላ የእህቷን አጥንት ስትለቅም ታየኝና ጠዋት አብሬያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ነገርኳት። ቆም አለች።

«ስንት ዓመቷ ይሆን ነበር?»

«በሁለት ዓመት ትበልጥሽ ነበር።»

«ታላቄ ናት ማለት ነው» ብላ ቀድማኝ ሄደች።

ስደርስ አለቃው ጋ ቆማለች። «ይህቺ አትከፈትም። እህቴ ናት» አለችው። እሱም ወጣት ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታ እናቴ፣ አላወቅንም። ድንጋዩስ?»

«አባቷ ነው ያመጣው» አልኩት። «እንዳትቆጡት፣ ልጄ። ለጅቡ ብሎ ነው።»

«ምን ያስቆጣናል? ከየት እንዳነሣው ብቻ ያሳየን።»

ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ፈራ ተባ እያለ መጥቶ አሳያቸው። እዚያ ቢቆፍሩ የግድግዳ ማዕዘን ወጣላቸው። ንጉሡ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ልጄ ያን ዕለት ጠዋት በመቃብሯ ዙሪያ ያለውን ክር ፈታች። ከዚያም የተነሡትን ሁለት ድንጋዮች ለመመለስ የመጀመሪያውን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው እኔ ያዝን። ሁለት ጊዜ አሳረፍነው። ባለቤቴ ያኔ ብቻውን እንዴት እንደተሸከመው አልጠየቅኩትም።