የእትዬ ትርንጎ ጉድጓድ

እትዬ ትርንጎን የማያውቅ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው አልነበረም፤ ለዳቦ መጋገሪያ ኮባ የሚለመነው ከሳቸው ነው። ከጉራጌ አገር ሲመጡ ጥቂት የእንሰት ችግኝ ይዘው መጥተው በሃያ ዓመት ውስጥ የግቢያችንን ጓሮ ጫካ አደረጉት። እንሰት ቸር ነው፤ የአንዱ ሥር ተቆርጦ ሲቀበር በዙሪያው ብዙ ቡቃያ ያወጣል። በ1970 ዓ.ም. ጤፍ ሲጠፋ የግቢው ስድስት ቤተሰብ ጦሙን ያላደረው በሳቸው ቆጮ ነው። እኔም ሽታውን እያማሁ በልቻለሁ።

ባላቸው ጋሽ ወልደገብርኤል ልብስ ሰፊ ነበሩ። በአገራቸው እንሰት ሲፋቅ ወንድ ዝር አይልም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ሚስታቸው ጓሮ ሲሠሩ እሳቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። የሚበሉት ቆጮ የት ተቀብሮ እንደሚብላላ አንድ ቀን አላዩም።

ለመሣሪያ ፍለጋ የቤት ለቤት አሰሳ የመጣው በዚያው ዓመት በልደታ ዕለት ነው፤ እትዬ ትርንጎ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አብዮት ጠባቂዎቹ ጓሮውን በብረት ዘንግ ሲወጉ ከእንሰቱ ሥር አዲስ የተደለደለ አፈርና የተጫነ ድንጋይ አገኙ።

«ምን ቀብረህ ነው?» አለ ዓባይነህ የሚባለው አለቃቸው ጋሽ ወልደገብርኤልን።

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ።»

«በገዛ ጓሮህ?»

«አይቼው አላውቅም።»

እውነታቸውን ነበር፤ ማን ይመናቸው! ሚስታቸውን እንዳያስይዙ ፈርተው ስማቸውን አላነሡም። ዓባይነህ ሽጉጡን መዝዞ ግድግዳ አስደገፋቸው። እኔ ግን እትዬ ትርንጎ ጉድጓዱን ሲሸፍኑ ድንጋይ አቀብዬ ነበር። ለወሬ የማልቦዝነው ሴትዮ ያን ቀን ከመስኮቴ ሥር ተሸጉጬ አፌን ያዝኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዚህ መሀል እትዬ ትርንጎ ገቡ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አደግድገው ድንጋዩን ማንሣት ጀመሩ።

«ተዪ! ቦምብ ቢሆንስ?» ብሎ ዓባይነህ ወደኋላ ሸሸ።

ኮባውን ሲገልጡት ሽታው ግቢውን ሞላው።

«ቆጮ ነው፣ ልጄ። ገና አልደረሰም፤ ለክረምት ያልኩት ነው።»

አላመነም። ዘንጉን እስከ ታች እየሰደደ ሊጡን ከአፈር ጋር ለወሰው። ምንም ሲያጣ ሽጉጡን ሸጉጦ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። የስድስት ቤተሰብ የክረምት ቀለብ ተበላሸ።

እትዬ ትርንጎ የባላቸውን እጅ ይዘው ወደ ጉድጓዱ ሳቧቸው።

«ና፣ እይ።»

«ነውር ነው፣ ትርንጎ።»

«ሳያውቁ መሞት ነው ነውሩ።»

በማግሥቱ የቀረው ትልቁ እንሰት ተቆረጠ፤ አዲስ ጉድጓድም ይቆፈር ጀመር። ጋሽ ወልደገብርኤል ወንበራቸውን ወደ ጓሮ አዙረው ተቀምጠዋል። አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ትርንጎ ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁን መጣሽ፣ የሺሀረግ?»

ከጎናቸው መቆፈር ጀመርኩ።