አባቴ ሳይነገራቸው ያወቁት መርዶ

ይህ ታሪክ ለሌላ ሰው ሊነገር የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ማረጋገጫ የሌለውን ነገር ማውራት አልወድም። ይሁንና ባለፈው መኸር የሆነው ነገር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንኳ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ አንባቢ ይፍረደው ብዬ ጻፍኩት።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ሐዴራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ነው። በዚያ ሰሞን የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደሴ፣ ጎንደር ውስጥ አርፈው ነበር። አባቴ ግን አልሰሙም። የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑና የሕክምና ቀጠሮ ስለሚጠብቁ፣ እስኪታከሙ ይደበቃቸው ተባለ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ነው የሚያረዱት። እስከዚያው እናቴ ከጎንደር የሚደወለውን ስልክ እየቀደመች ታነሳ ነበር። እኔም አባቴ "አያ ደሴስ?" ሲሉኝ "ደህና ናቸው" እል ነበር።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አባቴ የሰንበት አስቤዛ ይዘው ከአውቶቡስ እንደወረዱ ፌርማታው ላይ ወደቁ። እኔና እናቴ ዕቃውን ልንቀበላቸው ወጥተን ነበር። ለሰንበት ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ወታደር ተንበርክኮ ደረታቸውን ይጫን ጀመር። አምቡላንስ ሲደርስ ባለሙያዎቹ ልባቸው ቆሟል አሉን። በኤሌክትሪክ መቷቸው። ምንም የለም። እንደገና መቷቸው፤ ያን ጊዜ ልባቸው ተመለሰ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ፣ "የሚያስደነግጥ ወሬ እንዳይሰሙ" ብላ አጥብቃ አስጠነቀቀችን።

በማግስቱ እናቴ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምነው ደበቃችሁኝ?" አሉ።

"ምኑን፣ አባ?"

"አያ ደሴን አገኘኋቸው እኮ። መጀመሪያ ራሴን አየሁት፤ ሽንኩርቱ ተበትኖ፣ እኔ ተጋድሜ። ከዚያ እሳቸው መጡ። 'አንተ ደግሞ ድሮም ሳትጠራ ነው የምትመጣ! ተመለስ!' ብለው ተቆጡኝ።"

ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠና እጄን ጨበጡኝ።

"ልጄ፣ በሰንበት አትዋሺኝ። ሞተዋል?"

የልብ መከታተያው መሣሪያ መጮህ ጀመረ። እውነቱን ብናገር ልባቸው ዳግመኛ ሊቆም ይችላል። ብዋሽ ደግሞ ዓይኔን እያዩኝ ነው። ከአፌ ቃል ሳይወጣ እንባዬ ቀደመኝ።

አባቴ ዓይናቸውን ወደ ጣራው መለሱ። ነርሷ ሮጣ ገባች፤ መሣሪያው ጸጥ እስኪል ከአልጋው አጠገብ ቆምኩ።

እሷ ስትወጣ አባቴ ቀስ ብለው፣ "በቃ፤ አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልሰማሁ። መርዶ በልጅ አፍ አይረዳም። ቤቴ ስገባ ሽማግሌ ይምጣልኝ፤ እስከዚያ አላለቅስም" አሉ።

የሆነውን ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። አባቴም እንዳሉት አላለቀሱም። ታክመው ቤት ከገቡ በኋላ ሁላችንም እያወቅን እንደማያውቅ ሰው አብረን በላን፣ ዜና አየን። በተሳሉ ቁጥር እኔና እናቴ እንተያይ ነበር።

ሐኪሟ ከፈቀደች በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ፣ "እንግዲህ በርታ፤ ወንድምህ ደሴ ተለይቶሃል" አሉ። አባቴ ገና ያን ጊዜ እንደሰማ ሰው ጮኸው አለቀሱ። ሐኪሟ የፈራችው ነገር ግን አልደረሰም።

በኋላ እናቴን፣ አምቡላንሱ ውስጥ አብራቸው ስትሄድ የአያ ደሴን ሞት አንስታ እንደሆነ ጠየቅኋት። "በልቤ እንጂ በአፌ አላልኩም" አለችኝ። በዚያ ድንጋጤ ልቧንና አፏን ስለመለየቷ ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም። አእምሮ ከሥጋ ተለይቶ ያይ፣ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም። መምህሬን ብጠይቅ ምን እንደሚመልስልኝ እገምታለሁ፤ አባቴን ግን አላስተባብላቸውም። ከሞት ደጅ ተመልሰው እንኳ ለለቅሷቸው የሰው አፍ መጠበቃቸውን ሳስብ፣ ፍርሃቴ ወደ አክብሮት ይለወጣል።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ይህ ሁሉ የተቋጨው፣ የጾምና የጸሎት በዓላችን ከሆነው ከሲግድ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው እሑድ ማለዳ ነው።